አምበሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ



የዛሬው ዝግጅታችን ስለ እግር ኳስ ነው። የምንነጋገረው ግን ማን ማንን አሸነፈ ብለን ለመከራከር አይደለም። ጥሩ ጥሩ ልጆች ይዞ ዋንጫ የሚርቀው ክለብ ጉዳይ ነው ዛሬ የያዝነው። እንዲህ ያለ ክለብ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከመካከላችን ዕድሜ ልኩን የደገፈ ሰውም አይጠፋም። ቡድኑ ሲሸነፍ የምንሰጠው ምክንያትም የታወቀ ነው፤ ዳኛው፣ ሜዳው፣ ገንዘቡ፣ ዕድል። ስለ አመራርና ስለ ቡድን ባህል ስንጠየቅ ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለን እናልፋለን። ተረቱ እውነት ነው፤ ድሩ እንዴት እንደሚያብር ግን አይነግረንም።

ለዚህ ጥያቄ ወደ ኔዘርላንድስ እንሄዳለን፤ በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይራራቁ ሦስት ከተሞች ወዳሉበት፣ ወደ አምስተርዳም፣ ሮተርዳምና ዘ ሄግ። አገሪቱ ትንሽ ናት፤ በተጫዋች ብዛትና ጥራት ግን ዓለም የሚቀናባት ናት። ተሰጥኦ እያለ ውጤት የሚጠፋበትን ምክንያት ለማጥናት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ከሮተርዳም እንጀምር። ኦክቶበር 24 ቀን 2010 የሮተርዳሙ ፌይኖርድ ወደ አይንድሆቨን ተጉዞ ከፒኤስቪ ጋር ተጫወተ። ውጤቱ 10 ለ 0። በትክክል ሰምታችኋል፤ አሥር ለባዶ። ከእረፍት በፊት ኬልቪን ሌርዳም በቀይ ካርድ ወጥቶ ፌይኖርድ በጎዶሎ መጫወቱ እውነት ነው። ነገር ግን በጎዶሎ የሚጫወት ቡድን ሦስትም አራትም ሊገባበት ይችላል፤ አሥር የሚገባበት ተጫዋቾቹ እርስ በርስ መሸፋፈን ያቆሙ ጊዜ ነው። በክለቡ ታሪክ ከዚያ የከፋ ሽንፈት የለም።

ይህ ተራ ክለብ እንዳይመስላችሁ። ፌይኖርድ በ1970 የአውሮፓ ሻምፒዮኖችን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው የኔዘርላንድስ ክለብ ነው። ከአያክስ በፊት ማለት ነው፤ የሮተርዳም ሰው ይህን ሳይነግራችሁ አይለያችሁም። በ2002 ደግሞ ቦሩስያ ዶርትሙንድን በገዛ ሜዳው በደ ካውፕ 3 ለ 2 አሸንፎ የዩኤፋ ካፕን ወስዷል። የአገሩን ሊግ ዋንጫ ግን ከ1999 ወዲህ አላየም ነበር። በደ ካውፕ አርባ ሰባት ሺህ ያህል ሰው እየሞላ፣ ዓመት ዓመትን እየተካ፣ አያክስና ፒኤስቪ አብዛኛውን ጊዜ ዋንጫውን ሲቀባበሉት ይመለከት ነበር።

ታዲያ ያን ዓመት ፌይኖርድ ጥሩ ተጫዋች አልነበረውም? በዚያ የውድድር ዓመት በክለቡ ውስጥ ከነበሩት ልጆች አራቱን ልጥራላችሁ፤ ስቴፋን ዴ ፍራይ፣ ብሩኖ ማርቲንስ ኢንዲ፣ ጆርጂኒዮ ዋይናልዱምና ሌሮይ ፌር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014 የብራዚሉ የዓለም ዋንጫ፣ ኔዘርላንድስ ሦስተኛ ስትወጣ አራቱም በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ነበሩ። ዋይናልዱም ቆይቶ ከሊቨርፑል ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አንስቷል። ይህን የመሰለ ዘር የተዘራበት ክለብ ያን ዓመት ሊጉን በስንተኛ ደረጃ ጨረሰ? በአሥረኛ።

እንግዲህ ጥያቄው ተሰጥኦ አለ ወይ የሚለው አልነበረም። ልጆቹ ነበሩ። የጠፋው ልጆቹን አንድ የሚያደርግ ነገር ነው፤ ለዚህም ማስረጃው በቀጣዩ ክረምት መጣ። በጁላይ 2011 ለአዲሱ የውድድር ዓመት ዝግጅት ላይ ሳሉ ተጫዋቾቹ በአሠልጣኛቸው በማሪዮ ቢን ላይ እምነት አላቸው ወይስ የላቸውም ተብለው ተጠየቁ። ከ18ቱ 13ቱ የላቸውም አሉ። ቢን የክለቡ ልጅ ነው፤ በፌይኖርድ ያደገ፣ ለፌይኖርድ የተጫወተ፣ ደጋፊው በስሙ የሚጠራው ሰው። ከአሥር ለዜሮው በኋላ እንኳ ክለቡ አላሰናበተውም ነበር። የገዛ ተጫዋቾቹ ግን ሸኙት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ አምስተርዳም እንሻገር፤ ሌላ ድምፅ የተሰጠበት ክፍል አለና።

ዓመቱ 1973 ነው። አያክስ የአውሮፓን ዋንጫ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አንስቷል፤ በ1971፣ በ1972 እና በ1973። የዓለም ምርጥ ተጫዋች ዮሃን ክራይፍ እዚያ ነው፤ የቡድኑም አምበል ነው። ጥብቁ አሠልጣኝ ሪኑስ ሚኬልስ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ባርሴሎና ሄዷል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሮማኒያዊው ሽቴፋን ኮቫች ገመዱን ላላ አድርጎ ይዟቸው ነበር፤ እርሱም ከሁለት ዓመት በኋላ ሄደና ጆርጅ ክኖቤል የሚባል አዲስ አሠልጣኝ መጣ። ቡድኑ ለዝግጅት ደ ሉተ ወደምትባል፣ ከጀርመን ድንበር አቅራቢያ ወዳለች መንደር ወጣ። እዚያም ተጫዋቾቹ አምበላቸውን በድምፅ መረጡ። ያሸነፈው ክራይፍ አልነበረም፤ የግራ ክንፉ ፒት ካይዘር ነበር።

ክራይፍ ወዲያው ወደ ባርሴሎና የሚሄድበትን መንገድ ማመቻቸት ጀመረ። በዚያው ክረምት ሄደ። በመጀመሪያው ዓመቱ ባርሴሎናን የስፔን ሻምፒዮን አደረገው፤ ሪያል ማድሪድን በገዛ ሜዳው 5 ለ 0 ያሸነፈው ቡድን ያ ነው። አያክስስ? የሦስት ዓመት የአውሮፓ ሻምፒዮን ገና በሁለተኛው ዙር በቡልጋሪያው ሲኤስኬኤ ሶፊያ ተሰናበተ። የአገሩንም ሊግ ተነጠቀ፤ በ1974 የወሰደው ማን መሰላችሁ? ፌይኖርድ። አያክስ የሊጉን ዋንጫ መልሶ ለማግኘት እስከ 1977፣ የአውሮፓን ዋንጫ መልሶ ለማግኘት ደግሞ እስከ 1995 ጠብቋል።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይወቅሳሉ። አንዳንዱ ክራይፍ ራሱን ከቡድኑ በላይ አድርጎ ነበር ይላል፤ ጓደኞቹም ያኔ የተሰማቸው ይህ ነው። ሌላው ደግሞ የቅናት ሥራ ነው ይላል፤ ክራይፍ ራሱ እንዲህ ነበር የሚያምነው። እኔ ከሁለቱም የበለጠ የሚያስወቅሰው አመራሩ ይመስለኛል። ሁለት ትልልቅ ሰዎችን በጓደኞቻቸው ፊት አወዳድረህ ድምፅ ስታስቆጥር፣ የተሸነፈው ማግስቱን እንዴት ወደ ልምምድ ሜዳ እንደሚወጣ አስቀድመህ ማሰብ አለብህ። በደ ሉተ ይህን ያሰበ ሰው የነበረ አይመስልም። አዲሱ አሠልጣኝ የቡድኑን ትልቁን ውሳኔ ለተጫዋቾቹ ትቶ ከዳር ቆመ። ተጫዋቾቹ ያላቸውን ቅሬታ ሁሉ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ተነፈሱት። ከዚያ ወዲያ የሚጠገን ነገር አልነበረም።

እንመለስ ወደ ሮተርዳም። በ2011 የተሰጠው ድምፅ ልክ እንደ አምስተርዳሙ ቡድኑን ሊበትነው ይችል ነበር። እንዲያውም ሁለቱ ብርቅዬ ልጆች በዚያው ክረምት ተሸጡ፤ ዋይናልዱም ወደ ፒኤስቪ፣ ፌር ወደ ትዌንቴ። ክለቡ ዕዳ ነበረበት፤ መሸጥ ግድ ነበር። በቢን ምትክ ሮናልድ ኩማን መጣ። ኩማን በተጫዋችነት ዘመኑ በሦስቱም ታላላቅ ክለቦች፣ በአያክስ፣ በፒኤስቪና በፌይኖርድ የተጫወተ ሰው ነው፤ በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ የሚሰማ። ኮከቦቹን የሸጠው፣ አሠልጣኙን ያባረረው ቡድን ያን ዓመት በስንተኛ ደረጃ ጨረሰ? በሁለተኛ! ከአሥረኛ ወደ ሁለተኛ፣ ያውም የተሻሉ ተጫዋቾቹን ሸጦ።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ከማንቸስተር ሲቲ በውሰት የመጣው ስዊድናዊ አጥቂ ጆን ጉዴቲ ያን ዓመት በሊጉ 20 ጎል አግብቷል። ጎል የሚያገባ ሰው ሳይኖር የቡድን መንፈስ ብቻውን ሁለተኛ አያደርግም። ነገር ግን ዋናው ለውጥ በጀርባ በኩል ነበር። አምበሉ ሮን ፍላር ከወጣቶቹ ከዴ ፍራይና ከማርቲንስ ኢንዲ ጋር ተከላካይ መስመሩን ያዘ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንደ ወንፊት የነበረው ቡድን በቀላሉ የማይገባበት ሆነ። ኩማን በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታትም ሦስተኛና ሁለተኛ አድርጎት ሄደ።

ዋንጫው ግን አልመጣም። ኩማን ከሄደ በኋላም ነገሩ እንደገና መላላት ጀመረ። ደጋፊው «ዘንድሮ» ማለት ሰለቸው።

አሁን የዛሬው ርዕሳችን እምብርት ላይ ደርሰናል። በ2015 ክለቡ ጂዮቫኒ ቫን ብሮንክሆርስትን ዋና አሠልጣኝ አደረገው። የሮተርዳም ልጅ ነው። በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የኔዘርላንድስ አምበል ሆኖ ተጫውቶ ጫማውን የሰቀለ። ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ግን ሠርቶ አያውቅም ነበር። በዚያው ክረምት ዲርክ ካይት ከቱርኩ ፌነርባቼ ተመለሰ። ካይት ካትዋይክ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ከዓሣ አጥማጅ አባት የተወለደ፣ በሊቨርፑል ስድስት ዓመት የተጫወተ አጥቂ ነው። ከእርሱ የተሻለ ኳስ የሚቆጣጠር ሞልቷል፤ ከእርሱ የበለጠ የሚሮጥ ግን ማግኘት ይቸግራል። ፌይኖርድን በ2006 ሲለቅ ዋንጫ ሳያነሳ ነበር፤ የተመለሰውም ይህን ዕዳ ለመክፈል ነው። አምበልነቱ ተሰጠው።

የመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ ላይ መዓት ወረደ። ፌይኖርድ በሊጉ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። ሰባት! በብዙ አገር፣ የእኛንም ጨምሮ፣ አሠልጣኝ ሦስተኛው ላይ ሻንጣውን ያዘጋጃል። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ኤሪክ ኹደና የቴክኒክ ዳይሬክተሩ ማርቲን ፋን ኼል ግን አላባረሩትም። ያደረጉት ሌላ ነገር ነው፤ ዲክ አድቮካትን፣ የዘ ሄግ ተወላጁን አንጋፋ አሠልጣኝ፣ በአማካሪነት አጠገቡ አስቀመጡለት። ለወጣቱ አሠልጣኝ ይህ የሚዋጥ ክኒን አልነበረም፤ «ብቻህን አልቻልከውም» ተብሎ መነገሩ ነው። ቫን ብሮንክሆርስት ዋጠው። በኤፕሪል 2016 ፌይኖርድ ዩትሬክትን 2 ለ 1 አሸንፎ የጥሎ ማለፍ ዋንጫውን አነሳ፤ ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያው ዋንጫ ነበር።

ይህን ልብ በሉልኝ። ከቡድኑ ውስጥ መጀመሪያ የራሱን ክብር ወደ ጎን ያደረገው አሠልጣኙ ነው። ተጫዋቾች የአሠልጣኝን ንግግር ይረሳሉ፤ ያደረገውን ግን አይረሱም። ከተጫዋች «ለቡድኑ ስትል» ብለህ የምትጠይቀውን ነገር አስቀድመህ አንተ ከፍለኸው ካልታየ፣ ቃሉ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ መፈክር ሆኖ ይቀራል።

ቀጣዩ የውድድር ዓመት፣ 2016/17፣ በአምስት ለዜሮ ድል ጀመረ። ፌይኖርድ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ፤ በመሃሉም ማንቸስተር ዩናይትድን በደ ካውፕ 1 ለ 0 ረታ። የቡድኑ ዋና ጎል አግቢ ዴንማርካዊው ኒኮላይ ዮርገንሰን ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ 21 ጎል ይዞ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆኗል። ካይት ግን 36 ዓመቱ ነው። እግሩ እንደ ድሮው አይደለም። ቫን ብሮንክሆርስትም አንድ ሌላ አሠልጣኝ ሊሸሸው የሚችለውን ውሳኔ ወሰነ፤ አምበሉን፣ የደጋፊውን ዓይን፣ ከመነሻ አሰላለፍ አውጥቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀመጠባቸው ጨዋታዎች ነበሩ።

አድማጮቻችን፣ የአንድ ክለብ ባህል የሚታወቀው እንዲህ ባለ ቀን ነው። አምበል ወንበር ላይ ሲቀመጥ የመልበሻ ክፍሉ ሁሉ የሚያየው ፊቱን ነው። ቢያኮርፍ፣ ለጋዜጠኛ አንድ ቃል ቢወረውር፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ጥግ ይዞ ቢያንሾካሹክ፣ ቡድኑ በሳምንት ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ካይት አልተደሰተም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚደሰት አምበል ካለ ደግሞ ጫማውን ቢሰቅል ይሻለዋል። ነገር ግን ቅሬታውን የቡድኑ ጉዳይ አላደረገውም። እንዲህ ሲሆን ሌላው ወጣት «እኔ ለምን ተቀየርኩ?» ብሎ የሚጮኽበት አፍ ያጣል። ካይት ወንበር ላይ ተቀምጦ እርሱ ማን ነው?

መንገዱ ግን ለስላሳ አልነበረም። ፌይኖርድ በማርች በከተማው ልጅ በስፓርታ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሜይ 7 ቀን 2017 ደግሞ ወደ ኤክሴልሲዮር ሜዳ ሄደ፤ ይህም የሮተርዳም ክለብ ነው፤ ትንሽ፣ ስታዲየሙ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የሚይዝ። በዚያ ቀን ቢያሸንፍ ሻምፒዮን ነው። ከተማው በሙሉ ለፌሽታ ተዘጋጅቷል። ሦስት ለዜሮ ተሸነፈ! ሻምፒዮን የሆነ ቡድን በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለቱም ጎረቤቶቹ መሸነፉ፣ ለሮተርዳም ሰው ዛሬም የሚያስቅም የሚያናድድም ነገር ነው። አያክስ በአንድ ነጥብ ርቀት ከኋላ ቆሟል። አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቀ ሕዝብ «አሁንም ሊያመልጠን ነው» አለ።

ሜይ 14 ቀን በደ ካውፕ የመጨረሻው ጨዋታ ከሄራክለስ ጋር ሆነ። አምበሉ ከመጀመሪያው ገባ። ጨዋታው ከተጀመረ ገና 38ኛው ሰከንድ ላይ ካይት አገባ። በ12ኛው ደቂቃ ሁለተኛውን አገባ። ሊያልቅ ሲል በፍፁም ቅጣት ምት ሦስተኛውን ጨመረ። 3 ለ 1። ፌይኖርድ በ82 ነጥብ፣ አያክስን በአንድ ነጥብ በልጦ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ ሠላሳ አራተኛው የሰንጠረዡን አናት ሳይለቅ ሻምፒዮን ሆነ። ካይት ከሦስት ቀን በኋላ ጫማ መስቀሉን አስታወቀ።

ይህን ጨዋታ በፊልም ብታዩት «ተጋነነ» ትላላችሁ። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሐትሪኩ አይደለም። ያ ሰው በእነዚያ ወራት አኩርፎ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ቀን አሠልጣኙ ሊያምነው አይችልም ነበር፤ ጓደኞቹም ኳሱን ሊፈልጉለት አይሮጡም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ዘ ሄግ ጎራ እንበል። በዚህች ከተማ የሚገኘው አዶ ዴን ሃግ በሁለቱ ታላላቆች ጥላ ሥር የኖረ ክለብ ነው። ኦስትሪያዊው ኤርነስት ሃፕል በ1960ዎቹ ለሰባት ዓመት ያህል ያሠለጠነው ይህን ክለብ ነበር። በ1968 የአገሪቱን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ያነሳው አያክስን በፍጻሜው 2 ለ 1 አሸንፎ ነው። በ1969 ሃፕል ወደ ፌይኖርድ ተሻገረ፤ በዓመቱ የአውሮፓን ዋንጫ አመጣ። በሚላኑ ፍጻሜ ከስኮትላንዱ ሴልቲክ ጋር ሲጫወቱ፣ ወጣቱን ግብ ጠባቂ ኤዲ ትራይተልን አስቀምጦ ቦታውን ያጣውን የ36 ዓመቱን ኤዲ ፒተርስ ግራፍላንድን አስገባ። ለአንዱ የዕድሜ ልክ ደስታ፣ ለሌላው የዕድሜ ልክ ቁጭት። በጭማሪ ሰዓት ኡቬ ሺንድቫል አግብቶ 2 ለ 1 አሸነፉ። ከካይት 47 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ክለብ፣ ያው ዓይነት የሚያም ውሳኔ።

የአዶ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል። ክለቡ በ2021 ከዋናው ሊግ ወረደ። በሜይ 2022 ለመመለስ የመጨረሻውን የማጣሪያ ጨዋታ በገዛ ሜዳው ገጠመ፤ ተጋጣሚው ኤክሴልሲዮር። የመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 1 አልቆ ነበር። አዶ 3 ለ 0 መራ። ሠርጉ ተጀመረ ማለት ነው። ከዚያ ግን ሦስቱም ጎሎች ተመለሱ። በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 4 ሆነ፤ በመለያ ምትም አዶ ተሸነፈ። በዚያ ሰዓት የጎደለው እግር አልነበረም፤ አንድ ጎል ሲገባ «ተረጋጉ» የሚል ሰው ነው።

ከሳምንታት በኋላ አዶ አዲስ አሠልጣኝ ሾመ፤ ማንን? ዲርክ ካይትን! ከእርሱ የተሻለ የመሪ ምሳሌ ከየት ይገኛል? ይሁን እንጂ በኖቬምበር፣ ዓመት ሳይሞላው፣ ውጤት በማጣት ተሰናበተ። ይህን የምነግራችሁ ካይትን ለማሳነስ አይደለም። ሜዳ ላይ በላብ የሚመራ ሰው ከመስመር ውጪ ቆሞም መምራት ይችላል ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። በአገራችንም «ጥሩ አምበል ነበር» ተብለው በማግስቱ አሠልጣኝ የተደረጉ ስንት ናቸው? አምበልነትና አሠልጣኝነት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ትምህርትም ጊዜም ይጠይቃል።

ወደ አምስተርዳም የምመለሰው ለአጭር ጊዜ ነው። በ2025 ጸደይ አያክስ አምስት ጨዋታ እየቀረው በዘጠኝ ነጥብ ይመራ ነበር። ከዚያ በዩትሬክት 4 ለ 0፣ በኔይሜኹኑ ኤንኢሲ ደግሞ በገዛ ሜዳው 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከስፓርታ ጋር እኩል ተለያየ፤ ከኽሮኒንኸን ጋርም በባከነው ሰዓት መጨረሻ ላይ ገብቶበት 2 ለ 2 ወጣ። ፒኤስቪ በአንድ ነጥብ ቀደመው። ጣሊያናዊው አሠልጣኝ ፍራንቼስኮ ፋሪዮሊ በማግስቱ ክለቡን ለቀቀ። ፍትሐዊ እንሁን፤ ያ ቡድን በ2023 የሰንጠረዡ ግርጌ ድረስ ወርዶ ከነበረ ፍርስራሽ የተነሳ ነው፤ ሁለተኛ መውጣቱ ራሱ ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን አሠልጣኙ ሲሄድ ከክለቡ ኃላፊዎች ጋር በዓላማና በጊዜ አለመስማማቱን ተናግሯል። ከላይ ያሉት ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ ካልተስማሙ፣ ከታች ያለው ልጅ በ90ኛው ደቂቃ ምን ይያዝ?

ፌይኖርድ ደግሞ በ2022 ክረምት ከኮንፈረንስ ሊግ ፍጻሜ ሽንፈት ተመልሶ ማላሲያን፣ ሲኒስቴራን፣ ሴኔሲንና ሌሎችንም ሸጠ። አሠልጣኙ አርነ ስሎት በአብዛኛው አዳዲስ ፊቶችን ይዞ፣ የ22 ዓመቱን ኦርኩን ኮክቹን አምበል አድርጎ፣ በ2023 ሻምፒዮን ሆነ። ስሎት ከዚያ ሊቨርፑል ሄዶ ምን እንዳደረገ የእንግሊዝን ሊግ ለሚከታተለው የአገሬ ሰው መንገር አያስፈልገኝም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይሠራልናል ትሉኝ ይሆናል። እኛም እንግዳ አይደለንም። በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ፣ ብሔራዊ ቡድናችን ከአሥመራም፣ ከድሬዳዋም፣ ከአዲስ አበባም ክለቦች የተውጣጣ ነበር። በፍጻሜው ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታን ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ አቻ ያደረገችንን ጎል ያገባው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። ከኔዘርላንድስም ጋር ቢሆን እንተዋወቃለን፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2017 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ሲገባ አሠልጣኙ ኔዘርላንዳዊው ማርት ኖይ ነበር።

ስለዚህ የትምህርት ቤት፣ የቀበሌ ወይም የክለብ ቡድን የምትመሩ አድማጮቻችን አንድ ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አምበል ስትመርጡ ጎል የሚያገባውን ወይም በዕድሜ ትልቁን በደፈናው አትሹሙ። ከመነሻ አሰላለፍ ያወጣችሁት ቀን ምን እንደሚያደርግ አስቡ፤ መልሱን ካላወቃችሁ፣ በልምምድ ጨዋታ አስቀምጡትና እዩት። በድምፅ ታስመርጣላችሁ? መልካም ነው፤ ግን የተሸነፈውን ልጅ ያን ቀን ማታ ጠርታችሁ አነጋግሩት፤ የሚሠራውን ሥራም ስጡት። ተጫዋች ስታስቀምጡ ደግሞ ምክንያቱን መጀመሪያ ለራሱ ንገሩት፤ ከግድግዳ ላይ ወይም ከጓደኛው አፍ እንዳይሰማው። አርፍዶ የሚመጣ ኮከብ ካላችሁ፣ በሚያሸንፍበት ሳምንት ቅጡት፤ ሲሸነፍ የሚቀጣውን ሁሉም ይቀጣዋል።

የክለብ ኃላፊዎች የሆናችሁም ስሙኝ። አሠልጣኝ ከማባረራችሁ በፊት የሚረዳው ሰው አጠገቡ አስቀምጣችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። የሮተርዳሞቹ ከሰባት ሽንፈት በኋላ ይህን አድርገው በአሥራ አምስት ወር ውስጥ ሁለት ዋንጫ አነሱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ወጣት ተጫዋቾች ጉዳትና እረፍት እንነጋገራለን። እስከዚያው የእናንተ ቡድን አምበሉን እንዴት እንደሚመርጥ፣ ምርጫው ያስከተለውንም ደግም ክፉም፣ ጻፉልን፤ ከደብዳቤዎቻችሁ እያነበብን እንወያይበታለን።